የተቆረጠው መልስ

መብራቱ ሲበራ የአዳራሹ ግማሽ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር። በሰው ፊልም ሁሉ ሲያላግጥ የከረመው ረጅሙ ልጅ እንኳን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ያብሳል። ጭራሮ ይህን ስታይ ደስ ሊላት ሲገባ ወንበሯ ላይ ዝቅ አለች።

አሰልጣኙ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ተነሣ። በራሱ ኪስና በተዋሰው ካሜራ ፊልም የሚሠራ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያሠለጥናል። ጊዜውን አይሰስትም፤ ሙገሳ ላይ ግን ንፉግ ነው። «ምንም አይልም» ካለ ልጆቹ ለሳምንት ያወሩታል።

«ይሄ ነው ፊልም ማለት» አለ። «የነገው ዝግጅት የሚዘጋው በዚህ ነው።»

ሬዲዮ በደስታ የጭራሮን ክንድ ቆነጠጠች። ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነው፤ ጭራሮ ደግሞ ቅጥነቷ አሳልፎ ሰጥቷት። ፊልሙን የሠሩት አብረው ነው። ጭራሮ ቀረጸች፣ ሬዲዮ ጠየቀች፣ ኮምፒውተር ላይ ቆርጦ መቀጠሉን ተሻምተው ሠሩት። የመዝጊያውን ፊልም የሠራ ሰው የማዕከሉን ካሜራ ለእረፍቱ ወራት ቤቱ ይወስዳል፤ ሬዲዮ ያንን ካሜራ ከመመኘቷ ብዛት ቦርሳው የቱ ጋ እንደተቀደደ ሁሉ በቃሏ ታውቃለች።

«እስቲ ንገሩን» አለ አሰልጣኙ፤ «ሴትየዋ ስለ ልጇ ስትጠየቅ እንደዚያ ዝም ብላ እንባዋ የወረደው፣ እንዴት አድርጋችሁ ነው?»

«ምንም አላደረግንም ቲቸር!» አለች ሬዲዮ ዓይኗን በጨው አጥባ። «አንተ እንዳስተማርከን ጠይቀን ዝም አልን። ከዚያ በራሷ ጊዜ አለቀሰች።»

ጭራሮ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ አልነበረማ! ሴትየዋ የጭራሮ አክስት ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት፣ ፀጉር ቤት ከፍታ የምትሠራ። «ልጅሽ ይናፍቅሻል?» ስትባል አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም። ፎጣ እያጣጠፈች ሳቅ ብላ፣ «ምን ይናፍቀኛል፣ ትናንት እኮ ደውሎልኛል! የኔ ልጅ እናቱን አይረሳም» ነው ያለችው። እንባው የሌላ ቀን ነው። የፀጉር ማለስለሻ ቅባት ስትቀላቅል ሽታው ዓይኗን አቃጠላት፤ ጭራሮም ካሜራውን እንደከፈተች ስለነበር ተቀረጸ። በኋላ ሬዲዮ ያንን ኮምፒውተሩ ላይ ስታይ ከወንበሯ ዘለለች። መልሱን ቆርጠው ጣሉት፤ ጥያቄውን ከቅባቱ እንባ ጋር ገጠሙት። ጉድ እኮ ነው፣ በገዛ እጃቸው የገጣጠሙት ውሸት መልሶ ሁለቱንም አስለቀሳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አክስት የራሷን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ፣ በሱ ላይ መሐረብ ሸብ አድርጋ፣ የደንበኞቿን ፀጉር ትሠራለች። ለፊልሙ ያልጠራችው ሰው የለም። ዳቦ ቤት ስትሄድ የዳቦ ሻጩን ሚስት ጠርታ ነው የመጣችው።

«አንቺ ጭራሮ፣ ከፊት ወንበር ያዢልኝ አላልኩሽም?»

«እይዝልሻለሁ።»

«ለመሆኑ ወፍሬያለሁ እንዴ እዚያ ላይ? ካሜራ ያወፍራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ኧረ ቆንጆ ነሽ።»

«ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ» አለች አክስት፤ ሴቶቹም ሳቁ።

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠ ሰው ማሽኑ ጆሮው ላይ ስለሚጮኽ እሱም ይጮኻል። የፋርማሲዋ ሴት ከካስኩ ሥር አንገቷን አስግጋ፣ «ልጅሽስ፣ ደወለ ወይ?» ስትል መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ አየ።

«ትናንት ነዋ!» አለች አክስት። ይህን እያለች እጇ ሄዶ የካስኩን ንፋስ ከፍ አደረገው። ሴትየዋ ሌላም ነገር ልትጠይቅ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበረታባት ትታው መጽሔቷን ገለጠች።

ጭራሮ ወለሉን እየጠረገች ነበር፤ መጥረጊያውን እንደያዘች ቀረች። የአክስቷ ልጅ ተጣልቶ ከቤት ከወጣ በኋላ አንድም ቀን አልደወለም። ይህን የሚያውቁት እሷና አክስቷ ብቻ ነበሩ፤ በኋላ እሷ ለሬዲዮ ነገረቻት። ዛሬ ደግሞ፣ ይህቺ የፋርማሲዋ ሴት ሳትቀር፣ ሰፈሩ በሙሉ ሊያውቅ ነው። አክስቷም ከፊት ወንበር ላይ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ሁሉም ሰው እያያት።

መጥረጊያውን ጥላ ወጣችና ሬዲዮን ከቤቷ ደጃፍ ላይ አገኘቻት።

«እንባውን ከፊልሙ እናውጣው።»

«አብደሻል? ዛሬ?»

«ውሸት እኮ ነው።»

«ምኑ ነው ውሸት?» ሬዲዮ ቆጣ አለች። «ልጇ አይደውልም፣ እሷ ደግሞ ውስጧ እያረረ ይደውላል ትላለች። ታዲያ የቱ ነው ውሸቱ? እኛ የልቧን ነው ያወጣነው!»

ክፋቱ፣ ነገሩ እውነትነት አለው።

«እሷ ግን አውጡልኝ አላለችም» አለች ጭራሮ።

«እንደሱ ካደረግሽ ካሜራውን ርሺው። እኔንም ርሺኝ» አለችና ሬዲዮ በሩን ዘጋችባት።

ጭራሮ ስትመለስ ፀጉር ቤቱ ባዶ ነበር። ደንበኞቹ ልብስ ሊቀይሩ ሄደዋል። አክስት መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ጥፍሯን ትቀባለች።

«አክስቴ፣ ከሰው በፊት አንቺ እዪው» አለችና ጭራሮ ስልኳን ሰጠቻት።

አክስት እርጥብ ጥፍሯ እንዳይነካ ስልኩን በመዳፏ ደግፋ ተመለከተች። መጀመሪያ ላይ ፈገግ ብላ ነበር። የሬዲዮ ድምፅ «ልጅሽ ይናፍቅሻል?» አለ። ከዚያ የራሷ ፊት መጣ፣ ዝም ያለ፣ እንባው በጉንጩ ላይ የሚወርድ።

«መልሺው» አለች። ጭራሮ መለሰችው። አክስት እንደገና አየች።

«ይሄ ቅባቱ ያቃጠለኝ ቀን ነው።»

«አዎ።»

«ደውሏል ያልኩትስ?»

«ቆረጥነው።»

ጭራሮ ጥፊም ቢሆን ጠብቃ ነበር፤ ጥፊው በተሻላት። አክስት ስልኩን መልሳ ሰጠቻትና የጥፍር ቀለሙን ክዳን ስትገጥም ቆየች።

«ልጄ እንደማይደውል የሰፈሩ ሰው የማያውቅ መስሎሽ ነው?» አለች። «ያውቃሉ። እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። ያንን ያልኩት ለነሱ አይደለም የኔ እናት። ፊልም ከስልክ ስልክ ይዞራል አሉኝ። ምናልባት አንዱ ቢልክለት፣ እናቴ በሰው ፊት አልከሰሰችኝም እንዲል ነው። ባይደውል እንኳ በሩ ክፍት መሆኑን እንዲያውቅ።»

ጭራሮ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«እንግዲህ ፊልሙ የናንተ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ» አለች አክስት፤ ተነሥታም ፎጣዎቹን ማጣጠፍ ጀመረች።

«ትመጪያለሽ?»

«ፀጉሬ ከደረቀልኝ።» ካስኩን ግን አልከፈተችውም።

አዳራሹ ውስጥ አሰልጣኙ መሰላል ላይ ወጥቶ ነጩን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ይወጥራል። ሬዲዮ ቀድማ መጥታ የካሜራውን ቦርሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ጭራሮ ሳትቀመጥ፣ ሳትንተባተብ ለመናገር እየታገለች ሁሉንም ነገረችው። አሰልጣኙ ከመሰላሉ ወረደ።

«ትናንት ሁሉም ፊት ስጠይቃችሁ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

ወደ ሬዲዮ ዞረ። ሬዲዮ ዕድሜዋን ሙሉ ያልዘጋችውን አፏን ዘግታ መሬት መሬቱን አየች።

«እንባው ከወጣ ፊልሙ ምን ቀረው?»

«መልሷ አለ። ፎጣ እያጣጠፈች ደውሏል ስትል።»

«እሱ ሰው አያስለቅስም።»

«አያስለቅስም» አለች ጭራሮ።

አሰልጣኙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ደክሞታል፤ ተናዷልም። «በይ ግቢና አስተካክዪ። መዝጊያ ግን አይሆንም፣ ካሜራውም ለሌሎቹ ነው። ሰው ገና ወንበር እየፈለገ መጀመሪያ ላይ ይታያል።»

ሬዲዮ ቦርሳውን ከጭኗ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጭራሮን ሳታያት አልፋ ሄዳ ከጥግ ተቀመጠች። ጭራሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ እንባውን አወጣችና መልሱን ቦታው ላይ መለሰችው።

ሰው መግባት ጀመረ። የፋርማሲዋ ሴት መጣች፣ የዳቦ ሻጩ ሚስት መጣች፤ ፀጉራቸው ሁሉ ያማረ ነው። ጭራሮ ሹራቧን አውልቃ ከፊት ረድፍ መካከለኛው ወንበር ላይ ዘረጋችውና አጠገቡ ቆመች። ወንበሩ እያለቀ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ የሚገባው ሁሉ ሌላ ሰው ነው።

መብራቱ ጠፋ። ጨርቁ ላይ የፀጉር ቤቱ መስታወት መጣ። አንድ ሽማግሌ በጨለማው እየተደናበሩ ደርሰው ሹራቡን በእጃቸው ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ሰው አለው እንዴ ይሄ?»

ጭራሮ በሩን አየች።

«አዎ አባባ» አለች፤ «ሰው አለው።»