አሥራ ሰባተኛው ድንጋይ

አሥራ ሰባተኛው ድንጋይ የእነኤልሳቤት አዲስ ቤት መሠረት ውስጥ ገብቷል። ገለቴ የገዛ እጇ ጽሑፍ አይጠፋትም፤ በጠመኔ የጻፈችው ቁጥር ገና አልለቀቀም።

ከሱሉልታ ወጣ ብሎ፣ ጉብታው ላይ የጣሊያን ምሽግ አለ። ጣሊያን ሲወጣ አንድ ባላባት ፎቅ ጨምሮበት ግንብ ቤት አድርጎት ነበር። የቀረው አንድ ማዕዘን ነው፤ ከታች የምሽጉ ጥርብ ድንጋይ፣ ከላይ የባላባቱ ካብ። ነገ መምህር አብዶ የባህል ቢሮ ሰዎችን ይዘው ይመጣሉ፤ ማዕዘኑ ቆሞ ከተገኘ አጥር ይሠራለታል ተብሏል። ገለቴና ጓደኛዋ ኤልሳቤት ሳምንት ሙሉ ድንጋዮቹን ሲለኩና ቁጥር ሲሰጡ የከረሙት ለዚሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት ገለቴ ወደ ጉብታው ስትወጣ ማዕዘኑ ፈርሷል። የጋሪ ዱካ ተከትላ እዚህ ደረሰች፤ ኤልሳቤት መሠረቱ ዳር ቆማለች።

«ኤልሲ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነዋ!»

«ሙድ አትያዢብኝ! ለእነአባትሽ ማን ነገራቸው?»

ኤልሳቤት አቀረቀረች። «እኔ። አባዬ የትኛው እንደሚነቀል ሲጠይቀኝ የለካነውን አሳየሁት። ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ኖርን እኮ፣ ገሊ።»

«ሜትር ስትይዢልኝ ሆድሽ ውስጥ ይሄ ነበር?»

«ስንጀምር አልነበረም! ጌታን!»

«እግዜር ይይልሽ።»

ገለቴ ጥላት ስትሄድ ኤልሳቤት ከኋላዋ ጮኸች። «የእናንተስ በረት? አባትሽ ኦቦ ነገሳ ድንጋዩን ከየት አመጡት? ሂጂ እዪው!»

አባቷ ላሟን ሲያስሩ አገኘቻቸው። የበረቱን ግድግዳ በመዳፏ ዳበሰችው። ያው ጥርብ ድንጋይ ነው። ስንት ዓመት ተደግፋው ቆማለች!

«አባ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከጉብታው ነዋ። አያትሽ ናቸው ያመጡት። ያኔ ማን ሃይ ይላል? ምነው፣ ኢንተለኮ፣ ምነው ልጄ?»

ገለቴ መዳፏን ከድንጋዩ ላይ አነሳች።

ቤት ገብታ ለመምህር አብዶ የምትሰጠውን ሪፖርት ገለጠች። መንገድ ላይ ሳለች የማንን ስም እንደምትጽፍ ቆርጣ ነበር፤ አንድ ስም ብቻ።

«ከምሽጉ የተወሰዱ ድንጋዮች አሁን ያሉበት» ብላ ጀመረች። «አንደኛ፣ የአባቴ የኦቦ ነገሳ በረት።» ዓይኗን ጠረገች። «ሁለተኛ፣ የጓደኛዬ የኤልሳቤት ቤት።» «ጓደኛዬ» የሚለውን ልትሰርዝ አሰበችና ተወችው።

ከዚያ ሜትሯን ይዛ ወደ በረቱ ወጣች። ወዲያኛውን ጫፍ የሚይዝላት ሰው ስላልነበረ ድንጋይ ጫነችበት፤ ብቻዋን መለካት ጀመረች።