የፍሪጁ ኃላፊ

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ልጅቷ ፍሪጁን ከፍታ የአባቷን የመድኃኒት ሳጥን ስትስብ፣ ሳጥኑ አልላቀቅ አላት። ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ጠንከር አድርጋ ስትጎትተው ስስ የበረዶ ቅርፊት ይዞ ወጣ። ውስጡ ያሉትን ስድስት መርፌዎች አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳች አየቻቸው። ትናንት እንደ ውሃ ጠርቶ ይታይ የነበረው መድኃኒት ነጭ ሆኗል። ስድስቱም በረዶ ናቸው።

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። አባቷ እሑድ እሑድ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ራሱን ይወጋል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቀርቷታል።

ጥፋቱ የማን ነው ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ትናንት የክፍላቸው የመረብ ኳስ ቡድን አሸንፎ ስምንት ሴት ልጆች እየጮኹ ቤቷን ወረሩት። የተገዛው ለስላሳ ሞቆ ነበር። «በሙቅ ለስላሳ ነው የምታስተናግጂን? ሼም ነው!» አለቻት ቀጮ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ያኔ የፍሪጁን የቅዝቃዜ ማዞሪያ ከሦስት ወደ ሰባት አዞረችው። ለጠርሙሶቹ ቦታ እንዲገኝም ሳጥኑን ወደ ኋላ ገፋችው። ልጆቹ ሲሄዱ ጠርሙሶቹን ሰበሰበች፣ ወለሉን ወለወለች፣ ብርጭቆዎቹን አጠበች። ማዞሪያውን ረሳችው።

አባቷ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ስለሚጮህ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ፍሬን ይለዋል። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏል። እጥበቱን የሚያደርገው እዚሁ ቤቱ ነው፤ ሆዱ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ንጹሕ ፈሳሽ ያስገባል፣ ፈሳሹ ሆዱ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል፣ ከዚያ የሰውነቱን ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። በቀን አራት ጊዜ። የፈሳሹ ካርቶኖች ሳሎን ውስጥ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድረዋል። እሷም የቤት ሥራዋን የምትሠራው እነሱን ጠረጴዛ አድርጋ ነው።

መርፌው ደግሞ ለደም ማነሱ ነው። «ኩላሊት ደም ማጥራት ብቻ አይደለም ሥራው» ብላ አስረድታቸው ነበር ሲስተር፣ አባቷን የምትከታተለው ነርስ። «ደም እንዲመረትም ትእዛዝ ይሰጣል። አሁን አዛዡ ስለደከመ ትእዛዙን በመርፌ እንልካለን።»

አባቷ ግን መርፌ ይፈራ ነበር። አምና ሁለት ወር ሙሉ «ወጋሁ» እያለ መድኃኒቱን ቆሻሻ ውስጥ ሲጥል ከርሞ፣ ደሙ ሲወርድ ተነቃበት። እናቷ ሦስት ቀን አላናገረችውም። ሲስተር አልተቆጣችም፤ አንድ ብርቱካንና አንድ ደብተር ይዛ መጣች። ብርቱካኑ ላይ ውሃ እያስወጋች የአባቷን እጅ አስለመደችው። ደብተሩን ለልጅቷ ሰጠቻት። ቀን፣ የደም ግፊት፣ ቀኝ ወይም ግራ፣ ፊርማ። «ፈራሚዋ አንቺ ነሽ፤ የፍሪጁም ኃላፊ አንቺ ነሽ» አለቻት። «እንዳይሞቅ፣ በረዶ እንዳይሠራ፣ እንዳይናጥ። እንደ እንቁላል ያዥው።» ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሹመቱ ደስ ብሏት ማታውኑ ፊርማ ስትለማመድ አመሸች።

አሁን ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች።

«ቀጮ፣ በረዶ ሆነ።»

«ምኑ?» የቀጮ ድምፅ ገና ከእንቅልፍ አልወጣም።

«የአባዬ መድኃኒት። ስድስቱም።»

«አቦ አቅልጪው በቃ! ውሃ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ያው ውሃ አይደለም እንዴ?»

«ሲስተር በረዶ እንዳይሠራ ብላለች እኮ።»

«እነሱ ምን የማያካብዱት ነገር አለ! ደግሞስ ብትናገሪ? ‹ለለስላሳ ብለሽ› እየተባልሽ ዓመቱን ሙሉ ልትሰሚ ነው። አትጨናነቂ።»

አንዱን መርፌ ከነመሸፈኛው ብብቷ ውስጥ አድርጋ የመታጠቢያ ቤቱ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ቀለጠ። ወደ አምፖሉ አንስታ ስታየው እንደ ድሮው ጠርቷል፤ አረፋ የለውም፣ ዝቃጭ የለውም። ትንሽ ቢደፈርስ ኖሮ ትናገር ነበር፤ ቢያንስ በኋላ ለራሷ ያለችው እንዲህ ነው። ማዞሪያውን ወደ ሦስት መለሰችው። የቀሩትን አምስት መርፌዎች ሳጥናቸው ውስጥ አድርጋ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች።

«እሙዬ! ዕቃው ተዘጋጀ?» አለ አባቷ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ሲመጣ።

«ተዘጋጅቷል።»

ግፊቱን ለካች፤ መቶ አርባ በሰማንያ አምስት። አባቷ ጭኑን በአልኮል ጠረገ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ቆዳውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ራሱን እንደ ተማሪ ማዘዝ ጀመረ።

«ስፖኪዮ እይ። ፍሪሲዮን ርገጥ። ማርሽ አስገባ። አሁን ቀስ... ቀስ ብለህ ልቀቅ... አትደንግጥ አንተ ሰውዬ፣ ከኋላህ ማንም የለም።» ዓይኑን ጨፍኖ ገፋው። መርፌውን ሲነቅል «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሌላ ጊዜ በዚህች ቃል ሁለቱም ይስቃሉ። ዛሬ የሳቀው እሱ ብቻ ነው።

ደብተሩ ላይ «ግራ ጭን» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

በሁለተኛው እሑድ ቀኝ። በሦስተኛው ግራ። በሦስተኛው ሳምንት አባቷ ደረጃውን ሲወጣ መሀል ላይ መቆም ጀመረ። «መብራት ይዞኝ ነው» ይላል፣ የደረጃውን ብረት ተደግፎ። ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ካርቶኖቹ ላይ ጋደም ይላል። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ ወደ ግድግዳ ሲነዳ «ፍሬን» ለማለት ትንፋሽ አጥሮት በእግሩ ብቻ እንዳቆመው፣ እየሳቀ ለእናቷ ሲያወራ ሰማች። እናቷ አልሳቀችም። በአራተኛው እሑድ እንደገና ቀኝ ተወጋ፣ እሷም ፈረመች።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሆስፒታል ክትትል ነበረው፤ ልጅቷም ደብተሩን ይዛ አብራው ሄደች። ሲስተር የዓይኑን የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አየች።

«ጋሼ፣ ደምዎ ከአሥር ነጥብ ስድስት ወደ ስምንት ነጥብ አንድ ወርዷል።»

«እየወጋሁ ነው፣ ሲስተር።»

«ጋሼ...»

«እየወጋሁ ነው አልኩሽ እኮ!»

ሲስተር ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ? ሲወጋ ታያለሽ፣ ወይስ ዝም ብለሽ ነው የምትፈርሚው?»

«አያለሁ። ይወጋል።»

እውነት ነበር። ስትናገር ግን ዓይኗ መሬት ወረደ። ሲስተር ያመነችው ዓይኗን ነው። ደብተሩን ዘግታ መለሰችላትና ቀስ ብላ «አባትን መውደድ ጥሩ ነው» አለቻት።

ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል እየሄደ፣ ሲስተር ዓይን ሥር እንዲወጋ ተወሰነ። ደሙ ከዚህ በላይ ከወረደ ደም ይሰጠዋል። ቅዳሜ ደግሞ መሥሪያ ቤት የሚውሉ ሰዎች መንዳት የሚማሩበት ቀን ነው፤ ከሳምንቱ ሁሉ የእሱ እንጀራ ያለው ያን ቀን ነው። አባቷ አልተከራከረም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

እናቷ የሆቴል ልብስ አጣቢ ናት። ማታ ቤት ስትገባ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው።

«እንደገና ጀመርክ?»

«አልጀመርኩም።»

«አምናም እንዲሁ ነበር ያልከኝ፤ እዚሁ ቦታ ላይ ቆመህ።»

ልጅቷ ማብሰያ ክፍል ሆና ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር። አፏን ከፈተች። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ የታጠቡትን ሳህኖች እንደገና አጠበቻቸው።

በማግስቱ ሐሙስ ትምህርት በግማሽ ቀን ተለቀቀ። ስምንት ሰዓት ገደማ በሩን ስትከፍት ማብሰያ ክፍሉ ውስጥ የአባቷን ድምፅ ሰማች። ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

«ስፖኪዮ እይ። ፍሪሲዮን። ማርሽ...»

በበሩ ክፍተት አየችው። እጅጌውን ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሏል። ፊቱ ሦስት ብርቱካኖች፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ ባዶ ስሪንጅ አሉ። ሁለቱ ብርቱካኖች ውሃ እያንጠባጠቡ ጠረጴዛውን አርሰውታል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ደንገጥ አለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ከአንደኛ ትምህርት ጀመርኩ። ሲስተር ውሸቷን አይደለም፣ የሆነ ነገር እያበላሸሁ ነው። ወይ ጥልቀቱ አልደረሰም፣ ወይ ቶሎ እየነቀልኩት መድኃኒቱ ተመልሶ ይፈሳል። ነይ እስቲ እይኝ፣ ያንቺ ዓይን ደህና ነው።»

ሦስተኛውን ብርቱካን አነሳ። መርፌውን አስገብቶ መግፋት ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ገፋ። እንደገና አረፈ። አንዲት ብርቱካን ለመውጋት ሁለት ጊዜ ነው ያረፈው። ከዚያ መርፌውን ሳይነቅል፣ ውሃው ተመልሶ እንዳይፈስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ አሥር ቆጠረ።

«እንዴት ነው? ፈሰሰ?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ፍሪጁን ከፍታ የቀሩትን ሁለት መርፌዎች አወጣችና ከብርቱካኖቹ አጠገብ አኖረቻቸው።

«አባዬ፣ እጅህ ደህና ነው» አለች። «መድኃኒቱ ነው የተበላሸው። በረዶ ሆኖ ነበር። እኔ ነኝ።»

የኳሱን ቀን፣ ለስላሳውን፣ ማዞሪያውን፣ ብብቷን፣ ሁሉንም ነገረችው። የቀጮን ምክር ግን አላነሳችም፤ ቀጮ አልፈረመችም። አባቷ እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ስንት ላይ ነው ያዞርሽው?»

«ሰባት።»

«ሰባት!» አለ፣ አንድ ተማሪ በአምስተኛ ማርሽ መኪና ሊያስነሳ ሲሞክር እንደሚለው። ስሪንጁን አስቀመጠው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ አየው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው። «እኔ እኮ እጄን ነበር የጠረጠርኩት» አለ። አልጮኸባትም። ቢጮህባት ትመርጥ ነበር።

«ለሲስተር ልደውል?»

«ትደውያለሽ። መጀመሪያ ግን እናትሽ ትስማ። እኔ ብነግራት አታምነኝም። ካንቺ ትስማው።»

«አብረኸኝ ትሆናለህ?»

«አጠገብሽ እቀመጣለሁ። መሪው ግን ያንቺ ነው።»

እናቷ እስክትመጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበረ። ልጅቷ ጠረጴዛውን አደረቀች፣ ብርቱካኖቹን ጣለች። ከዚያ ደብተሩን አውጥታ በአራቱ እሑዶች አጠገብ አራት ጊዜ «በረዶ ሆኖ የቀለጠ። አውቅ ነበር።» ብላ ጻፈች፤ እያንዳንዱ ሥርም ፈረመች። አባቷ የከሰዓቱን ፈሳሽ ሲቀይር እንደ ሁልጊዜው መስኮቱን ዘጋችለት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ሰሙ። አባቷ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። እሷ ደብተሩን ይዛ ተነሳች።

«እማዬ» አለች፣ እናቷ ገና አንድ ጫማዋን እንዳወለቀች፤ «አባዬ አልዋሸሽም።»

ሲስተር በስልክ ሁሉንም ሰምታ መጀመሪያ ያሳሰበችው የቀሩትን ሁለት መርፌዎች እንዳይወጋ ነው። በማግስቱ አዲስ ሳጥን ሰጠቻቸው። ደም መስጠት አላስፈለገም፤ በሦስተኛው ወር ደሙ አሥር ነጥብ ሁለት ደረሰ፣ መርፌውንም እንደ ድሮው ቤቱ ስለሚወጋ የቅዳሜ ተማሪዎቹ አልቀሩበትም። አባቷ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ኖረ። ፍሪጁ አሁንም ይሠራል። ማዞሪያው፣ አባቷ በዚያው ሐሙስ ማታ በቁስል ፕላስተር እንዳሸገው፣ ሦስት ላይ ነው።