ከፎርማይካው ሥር

ሰባተኛው ጠረጴዛም አበጠ።

ፀዳለ አውራ ጣቷን እብጠቱ ላይ አሳርፋ ጫን አለች። ፎርማይካው ወደ ውስጥ ገባ፤ ጣቷን ስታነሳ ተመልሶ ወጣ። ጠርዙን በቢላዋ ጫፍ ፈልቀቅ አደረገችው። ከሥሩ የወጣው ሽታ ዓይኗን አስለቀሳት። ፎርማይካው የሚለጠፍበት የማስቲሽ ማቅጠኛ ነው። ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ያለፈው ጠረጴዛ ሆዱ እስካሁን እርጥብ ነበር።

«እንጨቱ ነው እንዳትዪኝ» አሉ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ጓድ መኳንንት፣ ከኋላዋ ቆመው።

«እንጨቱስ ደህና ነው፣ ጓድ።»

«ታዲያ እጅ ነዋ። የሰው እጅ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የታዘዘ ዕቃ ነው፣ ጓዲት። እንግዶች ፊት ቢያብጥ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች። አሻጥር ይባላል። በዚያ በ1976 ክረምት በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው በመኪና ይወሰድ ነበር፤ ወዴት ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም።

«እስከ ዓርብ ሪፖርትሽን አምጪ። እያወቀ ያደረገው መሆን አለመሆኑን በግልጽ ጻፊ።»

ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም። ኮልፌ ባለው በዚያ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ፎርማይካ የሚለጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ፈቀደ።

ከፈቀደ ጋር የተያዩት ከወር በፊት፣ አየር ጤና ፌርማታ ላይ ነው። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ፣ ከጎኗ የቆመ ረጅም ወጣት የተከለለበትን ላስቲክ ግማሹን ወደ እሷ ዘረጋው። በዚያ ቀን ከቀበሌ ሱቅ የገዛችው ነጭ ጋዝ ቀሚሷ ላይ ፈስሶባት፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይርቃት ነበር። እሱ ግን ጠጋ አለ። ላስቲኩን ከራሷ በላይ እያስተካከለ፣

«ሽቶሽ ደስ ይላል» አላት።

ቀና ብላ አየችው። የሚቀልድ አይመስልም።

«ምን ዓይነት ሽቶ መሰለህ?»

«እኔ እንጃ... የአበባ።»

በሳምንቱ አዲስ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ፋብሪካው ስትገባ፣ ማስቲሽ ክፍል ውስጥ አገኘችው። ሰውየው ፊት ለፊት ይዋሻል ብላ በልቧ መዘገበች። ዓይኖቹ ግን የውሸታም ዓይኖች አልነበሩም፤ ያም ይበልጥ አጠራጠራት።

ማክሰኞ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ክፍሉ ገባች። ከብርዱ የተነሣ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። ፈቀደ ማስቲሹን በጥርሳም ቆርቆሮ እየጎተተ፣ እንጨቱንም ፎርማይካውንም እኩል ቀባ። እጁ ሲሠራ ያምራል፤ ላለማየት ብትሞክርም አልቻለችም።

«ፖሊስ መሰልሽ እኮ» አላት ቀና ሳይል።

«ሥራዬ ነው።»

«የማን ሥራ? ያንቺ ወይስ የጓድ መኳንንት?»

በሩ አጠገብ የጠረጴዛ ጠርዝ የምታለሰልሰው የኔነሽ ሳቀች። «ኧረ ተያዩ! እኔን የለችም በሉኝ።»

ከመለጠፉ በፊት ማስቲሹ መድረቅ አለበት። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ፈቀደ በጣቱ ጀርባ ማስቲሹን ነካ አደረገው። አልያዘውም።

«ጣት ይበቃል?» አለች ፀዳለ።

«አይበቃም። ብርድ ሲሆን ላዩ ቆዳ ያወጣል፣ ማቅጠኛው ግን ሥሩ ይቀራል። ጋሽ በዛብህ ሥራውን ሲያስተምሩኝ፣ ጣትህን እንዳታምነው፣ በአፍንጫህ ጨርስ ይሉኝ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ደርቋል።»

ፀዳለ በቆመችበት ሽታው ጉሮሮዋን ይቆርጣታል። አልደረቀም። የቀረው ማቅጠኛ ከፎርማይካው ሥር መውጫ አጥቶ ማስቲሹን እንዳለሰለሰ ይኖራል፤ ፀሐይ ወይም ትኩስ ብርጭቆ ያገኘው ዕለት ተኖ ፎርማይካውን ይገፋዋል። ይህን እሱም ያውቃል። አሁን በአፉ ነግሯታል።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ» አለ። ዓይኗን ግን አላየም።

ወጥታ ደብተሯ ላይ «እያወቀ» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዋ አልሄድ አላት።

ረቡዕ ምሳ ላይ ሽሮው አርሮ ሁሉም ገፋው። «ያ ጉደኛ ብቻ ጥርግ አድርጎ በላ!» አለች የኔነሽ። «ለእናቱ ጠረጴዛ ሠርቶ በትከሻው ተሸክሞ ከወሰደ ወዲህ እኮ ጤናም የለው፣ አንድ ነገር ሆኗል።»

የፀዳለ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ፌርማታውን አስታወሰች። ተነሥታ በሩ ላይ ወዳለው የጥበቃ ቤት ሄደች፣ ከጥበቃዋ ፋኖስ ጥቂት ጋዝ ለምና መሀረቧ ላይ አንጠባጠበች።

«ፈቀደ፣ ሽቶ ገዛሁ። አሽትተህ ንገረኝ።»

«የጥራት ቁጥጥር ለሽቶም መጣ?» ሳቅ አለ። መሀረቡን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ማስቲሹን እንደሚያሸተው አድርጎ፣ በጥንቃቄ። «ያምራል። ቀለል ያለ ነው። አበባ አበባ ይላል።»

«ነጭ ጋዝ ነው።»

ዓይኑን አልገለጠም። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ከግንቦት። መጀመሪያ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ቆይቶ... ምንም። ዳቦም፣ ዝናብም፣ ማስቲሽም፣ ምንም።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማሽተት የማይችል ለጣፊ ምን ይሠራል? ስድስት ዓመት የተማርኩት ይህን ብቻ ነው።» አሁን ገለጠ። «ሆን ብለሽ ነው ያመጣሽልኝ።»

«አዎ።»

«ወጥመድ።»

«አዎ።»

መሀረቡን አጣጥፎ እጇ ላይ አኖረላትና ወጣ። ፀዳለ ብቻዋን ቆመች። ልታምነው ፈለገች፤ መፈለጓ ራሱ አስፈራት። ሰው ከእስር ለመዳን ሲል ስንት ነገር ያስመስላል! ፌርማታው ላይስ? ያኔ ምንም የሚፈራው አልነበረም። ወይስ ማን እንደሆነች ያኔውኑ ያውቅ ነበር?

ሐሙስ ከሰዓት፣ እሱ ሥራ ላይ ሳለ፣ እናቱ ወደሚኖሩበት ቀራንዮ ወረደች። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ቤት ጠይቃ አገኘችው። እናቱ፣ እማማ ወለተጻድቅ፣ በሩን በግማሹ ብቻ ከፈቱ።

«ከቀበሌ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ እማማ። ከፈቀደ ጋር ነው የምሠራው።»

«ልጄ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው። የሠራልዎትን ጠረጴዛ ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ሊወርሱት ነው?»

«ኧረ ማንም አይወርሰውም!»

ከእግር እስከ ራሷ ካዩዋት በኋላ አስገቧት። ጠረጴዛው በወፍራም ዳንቴል ተሸፍኗል። ፀዳለ እጇን ዳንቴሉ ላይ አሳረፈች። ጎረበጣት። እማማ ጨርቁን ቶሎ ያዙት።

«ተዪው፣ ልጄ።»

«አብጧል፣ አይደል?»

አሮጊቷ በሩን ዞር ብለው አዩ። «እንዳትነግሪው። ከሐምሌ ጀምሮ ሁለት ጨርቅ ደርቤበታለሁ። ራት ሳቀርብለት ሳህኑን እብጠቱ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ እንዳያየው። ለኔ ሲል የሠራው የመጀመሪያ ዕቃ ነው። ፎርማይካውን ከገዛ ደመወዙ ነው የገዛው።»

«አልነግረውም» አለችና ፀዳለ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ያው እብጠት፣ በዚያው መጠን። ለበዓሉ የተሠራውን ለማበላሸት አሻጥር የሚሠራ ሰው፣ የእናቱን ጠረጴዛ አብሮ አያበላሽም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?»

«ጢሱ ነው፣ እማማ።»

«እሳት መቼ አነደድኩ?» አሉ እማማ ወለተጻድቅ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ የገባቸው ይመስል አስተያየታቸው ለሰለሰ።

ዓርብ ጓድ መኳንንት ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ማሽተት አይችልም? ይህን ማንም ሊለው ይችላል።»

«የእናቱም ጠረጴዛ እንደዚሁ አብጧል፣ ጓድ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የት አየሽው?»

«ቤታቸው ሄጄ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እናንተ ሁለታችሁ...»

«ለጊዜው ምንም አይደለንም፣ ጓድ።»

«ለጊዜው» ያለችው ራሷን አስደነገጣት። ጓድ መኳንንት በመስኮቱ አሻግረው አዩ። አርባ ሁለት ጠረጴዛ ይቀራል፣ ለበዓሉ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ሌላ ለጣፊ የለም።

«እሱ ይቀባ፣ አንቺ አሽትቺ። ካንቺ ፊርማ ውጪ አንድም እንዳይለጠፍ። አንድ ካበጠ ግን የሁለታችሁም ስም ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ እኔን አታውቁኝም።»

ደግነት ይሁን ወጥመድ ከፊታቸው ማንበብ አልቻለችም። ፈረመች።

ማስቲሽ ክፍል ስትገባ ፈቀደ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ ነበር።

«ጻፍሽው።»

«ጻፍኩት። አንተ ብቻህን እንዳትቀባም ተወስኗል።»

«ምን አሳመናቸው?»

ዳንቴሉን አሰበች። «እሱን አልነግርህም። ለሰው ቃል ገብቻለሁ።»

«ስትከታተይኝ ነበር ማለት ነው።»

«ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ብሷል። ካጠገብህ እንዳልርቅ ታዝዣለሁ።»

ሳይፈልግ ሳቀ። እሷ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ብርዱ ገባ። እሱ ቆርቆሮውን አንሥቶ አዲስ ጠረጴዛ ቀባ። ሃያ ደቂቃ ሆነ፤ ገና ነው አለች። አርባ ሆነ። ከበሩ መስተዋት ወዲያ ጓድ መኳንንት ሰዓታቸውን እያዩ ቆመዋል።

«ደረቀ?» አለ ፈቀደ።

ፀዳለ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተተች። የማቅጠኛው ሽታ ጨርሶ ጠፍቷል። እስከ ዛሬ ያላየችውን ጽፋ፣ ያልለካችውን ተናግራ አታውቅም።

«አምስት ደቂቃ ይቀረዋል» አለች።

ፈቀደ በጣቱ ጀርባ ማስቲሹን ነካ አደረገ፤ አልያዘውም። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየው።

«እሺ» አለና ወንበር ሳበላት። «እንጠብቅ።»