የደረቀው ሐረግ

«ሐረጌን የቆረጠች እጅ ትቆረጥ።»

የጭራሮ አክስት ይህን ያለችው በአጥሩ ማዶ፣ ፊቷን ወደ ዱባው አዙራ ነው። ዱባ ጆሮ የለውም፤ እርግማኑ ለማን እንደተላከ ጭራሮ አላጣችውም። ጭራሮ ያሏት ስለ ቅጥነቷ ነው። ስሙን ያወጣችላትም ይህችው አክስቷ ናት፣ ያኔ ገና በፍቅር ሳሉ።

እናቷና አክስቷ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አባታቸው የተወላቸውን ጓሮ በቆርቆሮ አጥር ከተካፈሉ ወዲህ ግን ሆድና ጀርባ ሆነዋል። በሁለቱም በኩል ዱባ አለ። የአክስቷ ሐረግ ፍሬ አንጠልጥሎ ሳለ፣ ድንገት ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

«ነቄ ነን እኮ» አለ የአክስቷ ልጅ በቆርቆሮው ቀዳዳ። «ትናንት እኛ ጓሮ ስትልከሰከሺ አይቼሻለሁ።»

«ንፋስ የወሰደብኝን ፎጣ ላነሳ ነው የገባሁት።»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ። ፎጣው ውስጥ ምላጭ ነበራ።»

እናቷ ጸሎቷን አድርሳ ወጣች። «ለጠላቶቼ ልቦና ስጣቸው» ካለች ገና ከንፈሯ አልደረቀም። «ምቀኛ የተከለው አይጸድቅም በያት» አለች፣ ማዶ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ጭራሮ ባልዲዋን አንስታ የራሳቸውን ዱባ ልታጠጣ ሄደች። የእነሱም አንዱ ሐረግ መጠውለግ ጀምሯል። ጎንበስ ብላ ግርጌውን ስታይ፣ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ነገር ከግንዱ ቀዳዳ ይወጣል። በጣቷ ስትጫነው ልምሽሽ አለ። ምላጭ አምጥታ ግንዱን ቁልቁል ሰነጠቀችው። ነጭ፣ ወፍራም ትል ውስጡ ተጋድሟል።

ትሉን አውጥታ ጨፈለቀችው። ሐረግ እርጥብ አፈር ላይ ሲተኛ አዲስ ሥር እንደሚያበቅል ከዚህ በፊት አይታለች፤ የተሰነጠቀውን አፈር አለበሰችና ውሃ አጠጣችው።

«እማ፣ የአክስቴንም የበላው ይሄው ትል ነው። አሁን ካላወጣነው ዛሬውኑ ይሞታል።»

እናቷ ትሉን አየች። ከዚያ ልጇን። «አየሽ አይደል? እኔን በሐሰት ስትወነጅል ከረመች። ዝም በይ፤ ይብላላት።»

«ቆረጠችው የሚሉት እኮ እኔን ነው።»

«ፈጣሪ ያውቃል፤ ይበቃሻል።»

አልበቃትም። ማንም ሳያይ አጥሩን ዘላ ትሉን ማውጣት ይቻላታል። ግን ምላጭ ይዛ የአክስቷ ዱባ ሥር ተንበርክካ ብትገኝስ? እጅ ከፍንጅ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማታል? ዝም ካለች ደግሞ ሐረጉ ይደርቃል፣ ስሟም አብሮ።

ምላጩን ሳትደብቅ በመዳፏ ይዛ በመንገድ ዞረችና የአክስቷን በር አንኳኳች።

የከፈተው ልጁ ነው። «እማዬ፣ ነይ እይ ጉድሽን። ምላጩን ራሷ ይዛልሽ መጣች።»

አክስቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «የቀረውን ልትጨርሺ ነው?»

«አልቆረጥኩትም አክስቴ። ውስጡ ትል አለ። ለማውጣት ግን መሰንጠቅ አለበት።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ ከቆርቆሮው ማዶ። «ተመለሽ ብያለሁ። ኋላ ቤቴን እንዳትረግጪ።»

ጭራሮ ወደ ድምፁ ዞር አላለችም። ዱባው ጋ ሄዳ ተንበረከከች፤ የምላጩን ስለት ወደ ራሷ አድርጋ ለአክስቷ ዘረጋችላት።

«እኔ አልነካውም። አንቺ ሰንጥቂው።»

አክስቷ ምላጩን አየችው፣ ልጅቷንም። ተቀበለቻት። «ትል ከሌለ ግን...» አለችና ሳትጨርሰው ቁጭ አለች።

ጭራሮ ከግንዱ ላይ አፈሩን ጠረገችና ጣቷን እርጥብ ሰጋቱራ በሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ» አለች።