ና-ና ባዩ ፊደንሲዮ

በፑዌብላ ከተማ እንደ ዶን ኤቫሪስቶ ያለ ሾፌር አልተወለደም። ዋናው ምስክር እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አሮጌ ፒክአፓቸውን በመርፌ ቀዳዳ አሾልካለሁ ይላሉ። አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፤ ዞሮ ወደ ኋላ ማየት። ምን በወጣቸው? የገበያው መኪና ማቆሚያ ፊደንሲዮ አለው። ፊደንሲዮ ቀይ ጨርቁን እያውለበለበ «ና! ና! ና!» ካለ፣ ከተማው በሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ወደ ኋላ የሚነዳው።

ያን ቅዳሜም ሐብሐቡንና ቃሪያውን ጫኑ፣ የልጅ ልጃቸውን ሬናታን ከኋላ ወንበር አስቀመጡ፣ ሞተር አስነሡ።

«ና! ና!» አለ ፊደንሲዮ። መጡ። ድንገት ጥሪው ተቋረጠ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ቁም ያላቸው የለማ!

ጓ! ገበያተኛው ሁሉ ከከተማው ማዶ ያለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ ብሎ ወደ ተራራው ዞረ።

የተገጨችው በመተላለፊያው ቀስ ብላ ታልፍ የነበረችው የዶኛ ኦርቴንሲያ ቢጫ መኪና ናት።

«ዓይንዎን ቤት ረስተውት ነው የወጡት?» አሉ ወይዘሮዋ እየወረዱ።

«እኔን አይጠይቁኝ! ጥፋተኛው እሱ ነው!» ዶን ኤቫሪስቶ ጣታቸውን ወደ ፊደንሲዮ ቀሰሩ። «ጠርቶኝ ሲያበቃ መሃል ላይ ጥሎኝ ሄደ! አንተ፣ ዛሬ ካላስባረርኩህ ስሜ ይቀየር!»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል!»

የገበያው ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «ትተሃቸው ሄድክ?»

«አዎ፣ ግን...»

«ግን የለም። ጨርቅህን አምጣ።»

ፊደንሲዮ ልጆቹን ያሳደገባትን ጨርቅ አስረከበ። ይሄኔ ሬናታ ከኋላው ብቅ ብላ የአያቷን እጅ ሳበች።

«አባባ፣ አትቆጣው። ኳሴ ወድቃብኝ ወርጄ ነበር። ከመኪናህ ኋላ ሮጦ ያነሣኝ እሱ ነው።»

ዶን ኤቫሪስቶ ወደ ፒክአፑ ዞሩ። የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የፑዌብላ አንደኛው ሾፌር ልጅቷን እቅፍ አድርገው አስፋልቱ ላይ ዘጭ አሉ።

ግጭቱን ሊያጣራ የኢንሹራንስ ሰው ደርሶ «ወደ ኋላ ሲነዱ ና ና ብሎ ማን ጠራዎት?» ሲል ዶን ኤቫሪስቶን ጠየቀ።

«እሱ ጠራኝ። መሪውን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ሳላይ ወጣሁ።»

«ልክ ነዎት። ከቆመበት የሚወጣ መኪና በመተላለፊያው ለሚያልፈው ቅድሚያ ይሰጣል። ማንም ይጥራዎት ማን፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።»

«ልጅቷ በመትረፏ እግዜር ይመስገን፤ የመኪናዬ በር እንደሆነ ይጠገናል» አሉ ዶኛ ኦርቴንሲያ ለስለስ ብለው።

ዶን ኤቫሪስቶ ጨርቁን ከኃላፊው ተቀብለው በሁለት እጃቸው ለፊደንሲዮ መለሱ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባመሰግንህ አይበቃም።»

ዛሬ ጉራቸው ተቀይሯል። ፊደንሲዮ በአንድ እጁ ልጅቷን፣ በሌላው ፒክአፑን ብድግ አድርጎ ነበር ይላሉ፤ እሱ በሐፍረት ይሽኮረመማል። «ና! ና!» ሲላቸው ግን መጀመሪያ ይወርዳሉ፣ መኪናውን ይዞራሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥር ያያሉ።

እናንተም መሪ የጨበጣችሁ ሁሉ፣ የሚያግዛችሁን ሰው ከልብ አመስግኑ፤ ዓይናችሁን ግን ለማንም አታውሱ።