አባቷ መድረክ ላይ የወጡበት እሁድ

ስትሞት ያጨበጭቡላት ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ አልገባትም። የገዛ ሻርፗ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ፣ ዓይኗ ፈጥጦ ወለሉ ላይ ስትዘረጋ አዳራሹ በፉጨት ይናጋል። ሰዉ ሊያዝን አልመጣም፤ የሚያውቀውን ፊልም በአካል ሊያይ ነው የመጣው። ፊልሙን ደግሞ የማያውቅ የለም፤ ትሑቱን አከራይ፣ ብቸኛዋን ተከራይ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለችውን ድብቅ በር። ወደ መድረክ ሲመጣ ተመልካቹ ቃሉን ከተዋንያኑ ቀድሞ ይለዋል። ሙዚቃውን ሳይጀመር ያንጎራጉራል። «አትክፈቺው! እዚያ ነው ያለው!» ብሎ ይጮህና ራሱ ይስቃል። አንድ ቀን፣ እሷ ትንፋሿን ይዛ እንደተጋደመች፣ ከፊት የተቀመጠች ሴት ለባሏ «የፊልሟ የተሻለ ትሞታለች» ስትል ሰምታለች።

«ተነስቼ ላንቃት ነበር» አለች የዚያን ዕለት መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ አንገቷ ላይ የተቀባችውን ሰንበር በጥጥ እየጠረገች።

«ማነቅ የኔ ሥራ ነው» አላት ገዳዩ።

«ገዳዩ» የሚለው ስም የወጣለት ይህ ትያትር ከተጀመረ ወዲህ ነው። ዳቦ ሊገዛ ሲሰለፍ እንኳ እናቶች ልጆቻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። እሷ የምታውቀው ግን ሌላ ሰው ነበር። ልምምድ በጀመሩ ቀን፣ ሻርፑን አንገቷ ላይ ባሳረፈ ቁጥር «አመመሽ?» እያለ አዘጋጁን አስመርሮት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ነፍሰ ገዳይ ነህ ወይስ አስታማሚ?» አሰኝቶታል። ሁሉም ሲስቅ እሱ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ዓይኗን አየ። እሷም አየችው። ቀጥሎ የሚባለው ቃል ለሁለቱም ጠፋቸው፤ ቃል አስታዋሿ ከመጋረጃው ኋላ ደጋግማ ሹክ ብትልም የሰማት አልነበረም።

እንዲህ ተዋደዱ። ወሬው ከሰው አፍ ተነስቶ አባቷ ጆሮ ከመግባቱ በፊት ራሷ ልታስተዋውቃቸው ቆረጠች።

አባቷ በያጅ ናቸው፤ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የብየዳ ብርሃን ዓይናቸውን ስለጎዳው ቴሌቪዥን አያዩም። ሲኒማ ቤትማ መኖሩንም ረስተውታል።

«ታሪኩ ምንድነው?» አሏት ቲኬቱን ስትሰጣቸው።

«የአንዲት ተከራይ ታሪክ ነው አባዬ። መጥተህ ብታየው ይሻላል። ደግሞ ሲያልቅ የማስተዋውቅህ ሰው አለ።»

ቲኬቱን ከእጃቸው ሳያወርዱ ቀና ብለው አይዋት።

«ሰው ስትይ... ወንድ ነው?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ። ኮቴን እተኩሳለሁ።»

የእሁድ ከሰዓቱ ትርኢት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቀጥሎ የሚሆነውን የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አጠገባቸው ያሉት «አሁን ነው፣ አሁን ነው» እየተባባሉ ሲጎሻሸሙ፣ እሳቸው የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን ብቻ ያያሉ።

አከራዩ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ብቅ አለ። ሻርፑን አነሳ።

«ከኋላሽ ነው!» አለ አንዱ፤ ሰዉ አውካካ።

እሷ ወለሉ ላይ ሆና መጀመሪያ የሰማችው የወንበር መንኳኳት ነው። ቀጥሎ አንድ ድምፅ መጣ።

«ፌንጣ! ፌንጣዬ!»

ልጅ ሳለች ከአጥር አጥር ስለምትዘል አባቷ ያወጡላት ስም ነው። ከእሳቸው ሌላ በዚህ ስም የሚጠራት የለም። 

አዳራሹ ግራ ገባው። ይህ ፊልሙ ላይ የለም። አንድ ሽማግሌ የሰው ጉልበት እየረገጡ ወደ ፊት መጡ፣ መድረኩን በሆዳቸው ተስበው ወጡ፣ የአከራዩን ኮሌታ በሁለት እጃቸው ጨምድደው ናጡት።

«ልቀቃት! ልቀቃት አንተ አውሬ!»

ብረት ሲያነሳ የኖረ እጅ ነውና ገዳዩ ተንገዳገደ። ከዚያ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መለሰና በዚያ በሚታወቀው ለስላሳ የአከራይ ድምፅ፦

«አባባ፣ የቆረጡት ቲኬት የወንበር ነው እኮ፤ የመድረክ አይደለም!» አለ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቆሞ አጨበጨበ። ስልኩን እያወጣ ቀረጸ።

የአባቷ እጅ ከኮሌታው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። መብራቱን አዩት። ከመብራቱ ወዲያ ያለውን ሳቅ ሰሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመለከቱ። እሷ ሬሳ ነበረች። መነሳት ትችል ነበር፤ አልተነሳችም። ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ትያትር ነው» ብቻ አለች። በር ጠባቂዎቹ መጡና በሁለት ወገን ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው። ሳቁ እስከ በሩ ሸኛቸው።

የእሷ ድርሻ ከሞተች ያበቃል። በዚያው ልብሷ፣ ሰንበሯን ሳትጠርግ በጓሮ በር ሮጣ ወጣች፤ አባቷ ግን አልነበሩም። ቤት ስትደርስ ኮታቸውን ሰቅለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እራትሽ ተከድኗል» አሏት።

«አባዬ...»

«የምታስተዋውቂኝ ሰው እሱ ነበር?»

«አዎ፣ እሱ ነበር» አለች።

«እንደሱ ከሆነ ተዋውቀናል» አሉና ተነስተው ወደ መኝታቸው ገቡ።

በማግስቱ ገዳዩን መልበሻ ክፍል ስታገኘው ሰላም አላለችውም።

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አላት፤ ዓይኗን ማየት ፈርቷል። «ትርኢቱ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። አባትሽ መሆናቸውን አላወቅኩም እኮ!»

«የሌላ ሰው አባት ቢሆኑ ኖሮ ልክ ነበር?»

ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ዝምታውን ትወድለት ነበር። ዛሬ የሜካፕ ሣጥኑን አንስታ ግድግዳው ላይ ብትፈጠፍጠው ደስ ባላት።

የተቀረጸው ቪዲዮ በየስልኩ ገባ። መንገድ ላይ የማታውቃቸው ጎረምሶች «ፌንጣ! የወንበር ነው እኮ!» ይሏት ጀመር። ቲኬት ጠፋ። አዘጋጁ በደስታ እግሩ መሬት አልነካም፤ ተዋንያኑን ሰበሰበና አንድ ሸምገል ያለ ተዋናይ አቀረበላቸው። የለበሰው ኮት ቁርጥ የአባቷን ይመስላል።

«ሕዝቡ ፊልሙን ጠግቦታል» አለ አዘጋጁ። «ፊልሙ ላይ የሌለ ነገር ሲያገኝ ግን አያችሁት? ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነው። ከእንግዲህ በየትርኢቱ አንድ አባት ከወንበሩ ተነስቶ ይወጣል።»

«አባቴን ደሞዝተኛ ልታደርገው ነው?» አለች።

«አይዞሽ ፌንጣ፣ ሥራ እኮ...»

«በዚህ ስም ሁለተኛ ብትጠራኝ ጥርስህን ለቅመህ ትሄዳለህ!»

ገዳዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ያንን ቃል አልለውም» አለ።

«ትለዋለህ» አለው አዘጋጁ። «አንተ ባትል የሚል ሞልቷል።»

ገዳዩ አንገቱን ደፋ። እሷን ያቃጠላት ይሄ ነው፤ ካልለው አልለውም ብሎ አይቆምም? ጥላ ልትወጣ ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው። አንገቱን ደፍቶ የገባ ሰው መድረክ ላይ ምን እንደሚል በጆሮዋ መስማት ፈለገች።

የትርኢቱ ቀን ሰዉ የመጣው ለአከራዩም ለተከራይዋም አልነበረም። ሸምገል ያለው ተዋናይ ከወንበሩ ብድግ ሲል ገና ሳይናገር ሳቁ ጀመረ። «ፌንጣ!» ሲል በፉጨት ተቀበሉት። መድረኩን ተንፏቆ ወጣ፤ ኮሌታውን ያዘ።

ሕዝቡ እየጠበቀ ነው። ገዳዩ አፉን ዘግቶ ቆመ። ዓይኑ ወለሉ ላይ ወደተጋደመችው ልጅ ሄደ፤ እሷም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። አልተናገረም። ልቧ በጥቂቱ ፈታ አለላት።

ያኔ ከላይ ከሰገነቱ አንዱ ጮኸ፦ «የቆረጡት ቲኬት!»

አዳራሹ በሙሉ ተቀበለው። «የወንበር ነው እኮ! የመድረክ አይደለም!» እንደ ተማሪ ባንድ ድምፅ ነው ያሉት። ከዚያም ለራሳቸው አጨበጨቡ።

እሷ ተነሳች።

«ኧረ ሬሳዋ ተነሳች!» ሲል አንዱ፣ ሳቁ እንደገና ተግተለተለ። ሻርፑን ከአንገቷ ላይ ቦጭቃ ጣለችው፤ ወደ መድረኩ ጠርዝ ሄደች።

«ያን ቀን እዚህ ስታነቅ ሊያድነኝ የተነሳ አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች። «እናንተ ሳቃችሁበት። አባቴ ነው!»

ጭብጨባ። አዲስ የተጨመረ ቃል መስሏቸዋል።

«አታጨብጭቡ!»

የባሰ ጭብጨባ። ብትሰድባቸውም፣ ብታለቅስም፣ እውነቷን ብትጮህም ያው ነው፤ የከፈሉበት ትያትር ነው። ሸምገል ያለው ተዋናይ የሠራው ነገር አሁን ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ኮቱን አውልቆ ወለሉ ላይ አኖረና «ነይ ልጄ፣ እንውጣ» አላት። ተያይዘው ወጡ። ገዳዩ «መጋረጃውን ዝጉት!» ብሎ ጮኸ። የሚሰማው ሲያጣ ራሱ ገመዱን ይዞ ይጎትት ጀመር፤ ፉጨቱ ወደ ስድብ ተለወጠ፣ የውሃ ጠርሙስ ጀርባው ላይ አረፈ። መጋረጃውን ገጥሞ ሳይዘጋ ግን አልለቀቀም።

እሷና ገዳዩ ከሥራ ተባረሩ። እሷ ስልኩን አታነሳለትም። «አፍህን መዝጋትህ ጥሩ ነው፤ የዘገየ ግን ነው» የሚል መልእክት ላከችለትና ጸጥ አለች። በራፏ ላይ ቆሞ ቢያገኛትም ባጠገቡ እንደ ግንድ አልፋው ሄደች።

ቢጨንቀው ወደ አባትየው ሥራ ቦታ ሄደ። በረድፍ የተደረደሩ የብየዳ ቤቶች ናቸው። ሰውየው የበያጅ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰው ፊት ነው ያዋረድከኝ። ይቅርታህንም ሰው ፊት ይዘህ ና። ነገ ምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ሥራ ሲያቆም።»

ለልጃቸውም ምክንያቱን ሳይነግሩ «ነገ ምሳ ሰዓት ብየዳ ቤት ነይ» አሏት። ስትመጣ የረድፉ በያጆች በየብረቱ ላይ ተቀምጠው፣ ገዳዩ መሀል ቆሞ አየችው። እጇን አጣጥፋ በሩን ተደገፈች። ሁሉም ቪዲዮውን አይተዋል።

ገዳዩ ደረቱን ነፋ፤ ድምፁን አሳመረ። «የተከበሩ አባቴ! ከልቤ ጥልቀት የመነጨ...»

«ቁም!» አሉ አባቷ። «ትያትር አትሥራብኝ።»

አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያላስፈራው ሰው፣ እጃቸው በጥቀርሻ በጠቆረ ጥቂት ሰዎች ፊት መግቢያ ጠፋው።

«ጋሼ...» አለ በመጨረሻ፣ የማንም ባልሆነ በራሱ ድምፅ። «እርስዎ ልጅዎን ሊያድኑ ነው የወጡት። እኔ ሳቅ ፈለግኩ፤ በእርስዎ አገኘሁት። ሲስቁ... ደስ አለኝ። አላወቅኩም፣ አመለጠኝ ስል የነበረው ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አንዱ በያጅ አሳለና ወደ ሌላ ዞረ።

«አሁን ሰማሁህ» አሉ አባቷ።

«ይቅር አሉኝ?»

«ሰማሁህ ነው ያልኩት። ይቅርታ እንደ በር ነው፤ ልኩ ሳይገኝ አይገጠምም። ስጨርስ እነግርሃለሁ። አሁን እጅህን ታጠብ፣ ምሳ እንብላ።»

«ጨረሳችሁ?»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ልጅቱ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ተዋረድክ፣ ተዋረድኩ፣ ይቅርታ፣ ምሳ! እኔንስ የጠየቀኝ አለ? ሁለታችሁ ስትተናነቁ መሀላችሁ ሬሳ ሆኜ የተጋደምኩት እኔ አይደለሁም? አንተም አባዬ! ተነስቼ ክንድህን ይዤ መውጣት ሲገባኝ ተጋድሜ ቀረሁ። ለምን አልተቆጣኸኝም? ለምን አንድ ጥፊ አላጮልከኝም? እራትሽ ተከድኗል ትለኛለህ!»

«ርቦሽ ነበራ» አሉ አባቷ ዝግ ብለው።

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በእልህ በእጇ ጠረገችውና ወጥታ ሄደች። አባትየው ገዳዩን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «ምን ይገትርሃል? ሩጥ እንጂ!»

ካልተቀቡ በሮች መሀል ደረሰባት። ፈጥና ትራመዳለች፤ ከጎኗ ቱስ ቱስ ይላል።

«ተናድጄብሃለሁ» አለች ሳታየው።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! ዛሬ የሚያልቅ እንዳይመስልህ። ነገም እናደድብሃለሁ። ለከርሞም። ልጆች ወልደን፣ ልጆቻችን ፊት ሁሉ እናደድብሃለሁ!»

ባለበት ቀጥ አለ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል!» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ተቆጥታለች፤ አፍንጫዋ አሁንም ይርገበገባል። እርምጃዋን ግን እስኪደርስባት ቀነስ አደረገችለት።