የሰማያዊው ሰሞን ቀይ

አዲሱ ክፍለ ዘመን በገባ በስምንተኛው ዓመት፣ የጦርነት ወሬ አገሩን በናጠበት ወራት፣ በወንዙ ዳር ያለው ማቅለሚያ ቤት ለሠራዊቱ የደንብ ልብስ የሚሆን ሰማያዊ ጨርቅ እንዲያቀርብ ታዘዘ፤ ገንዳዎቹ ሁሉ ታጥበው ሰማያዊ ተሞሉ፤ ወንዙም እንኳ ሰማያዊ ሆኖ ወረደ።

ጨርቁን ቀለም ውስጥ የሚነክሩት የነካሪዎቹ አለቃ ሠላሳ ዓመት በዚያ እንፋሎት ውስጥ የኖረ፣ ቀለምን በማሽተት ብቻ የሚለይ ኩሩ ሰው ነበር። ባለቤቱ የዚያው ቤት ቀለም መርማሪ ነበረች፤ የተነከረውን ጨርቅ በመስኮት ብርሃን ከናሙናው ጋር እያስተያየች፣ የባሏም ሥራ ቢሆን "ይደገም" ብላ ትመልሳለች።

አንድ ማለዳ ፖፖውን ልትደፋ ስታነሣ የባሏ ሽንት ቀልቶ አየችው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ቀለሙ ነዋ! ከነካሪ ቀይ ያልሸና ማን አለ? ደግሞ አያመኝም፤ ባለፈው ወርም መጥቶ በማግስቱ ጠፍቷል።"

እውነቱን ነው፤ ነካሪዎቹ ቀይ የሸናውን ጓደኛቸውን "ተመረቀ" እያሉ ይስቁበት ነበር። ከተመረቁት መካከል ሦስቱን ግን እሷ ቀብራለች።

ፖፖውን ወደ መስኮቱ ወስዳ እንደ ጨርቅ አየችው፤ ከዚያም በሥራ ሰዓት እንደምታደርገው አንቱ አለችው።

"አለቃ፣ ሁለት ወር ሙሉ የነከሩት ሰማያዊ ነው። ይኼ ቀይ ከየት መጣ?"

አለቃው የሥራ ሽርጡን አነሣ።

"የጦሩ ልብስ ይድረስና ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ" አለ።

"ጦሩ ሌላ ነካሪ ያገኛል፤ እኔ ሌላ ባል ፍለጋ አልወጣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይልበሱና እንውጣ።"

ሐኪሙ መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ የሽንት ፊኛውን ቢመለከት የምስር ፍሬ የምታህል ዕጢ አገኘ፤ ቆርጦም አወጣት።

"ጌታዬ፣ የእርስዎ ሙያ ሰዎች ወደ እኔ የሚመጡት ሕመሙ ሲጸናባቸው ነው፤ ያን ጊዜ ማዘን እንጂ ማዳን አልችልም። ማን ላከዎት?"

"ቀለም መርማሪያችን" አለ አለቃው፤ ተኝቶም ቢሆን ኮራ። "ጉድለት አያመልጣትም።"

ወደ ሥራው በተመለሰ ዕለት ነካሪዎቹን ሰብስቦ ቀልዱን ሻረ፦ "ቀይ ያየ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ባያመውም፣ ቢጠፋለትም፣ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።" በዚያው ዓመት ሁለት ሰዎች ሄደው ዳኑ።

ታሪክ የጻፈው ሰማያዊ ለባሹን ጦርና የጄኔራሉን ድል ነው፤ የመርማሪዋ ስም በአንድም መዝገብ የለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያ ጦር በከተማው ሲሰለፍ ግን አለቃው በእግሩ ቆሞ አየው።

"ቀለሙ እንዴት ነው?" ሲል አጠገቡ የቆመችውን ባለቤቱን ጠየቃት።

ከሰልፉ ይልቅ እሱን ስታይ ቆየችና፣ "ይደገም አያሰኝም" አለችው።